ለ«መጀመሪያ» ስንት ቃል አለን?

ነቀምቴ ገበያ ውስጥ የስልክ ቻርጀር ልትገዙ ወደ አንድ ሱቅ ጠጋ ስትሉ፣ ዋጋውን ገና ሳትጠይቁ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል። እናንተም እያገላበጣችሁ «እርግጠኛ ነህ? ፎርጅድ እንዳይሆን» ትሉታላችሁ። ተግባባችሁ ማለት ነው። ሁለታችሁም አፍ ውስጥ የገባው ያ ቃል ግን ከቻርጀር በፊት ረጅም ዕድሜ የኖረ፣ መጀመሪያ ላይ ስለ ፀሐይ መውጣት ይነገር የነበረ ቃል ነው።

ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ገበያው አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት በወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን ላይ አንዲት እህት ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ «ፕሪሚቲቭ ቸርች» የሚል ሐረግ አግኝታ መጣች። የትምህርት ቤት መዝገበ ቃላቷ «ፕሪሚቲቭ» የሚለውን «ኋላ ቀር» ብሎ ተርጉሞታል። «ታዲያ የሐዋርያት ዘመን ቤተ ክርስቲያን ኋላ ቀር ነበረች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን። መልሱን ስጡ ስንባል ግን ማናችንም አጥርተን መናገር አልቻልንም፤ ሳቁም እዚያው ቆመ። ወዳጆቼ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርሷ የዘገየ መልስ ነው፤ እናንተም አብራችሁ ስሙት።

እንግሊዝኛ «የመጀመሪያ»፣ «የጥንት»፣ «የዱሮ» የሚለውን ሐሳብ የሚገልጽባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ኦሪጅናል፣ ፕሪሚቲቭ፣ ፕራይሚቫል፣ ፕራይሞርዲያል፣ ፕሪስቲን፣ አቦርጂናል። አብዛኞቹን ከላቲን ነው የወሰዳቸው፤ አንዳንዶቹ በፈረንሳይኛ በኩል ዞረው መጥተዋል። ሲነበቡ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሲፈተሹ ግን እያንዳንዱ መጀመሪያን በሌላ ሥዕል ነው የሚያየው።

ከኦሪጅናል እንነሣ። ሥሩ በላቲን «መነሣት፣ መውጣት» የሚል ግሥ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ የሚባለው እርሱ ነው። የፀሐይ መውጫ የሆነው ምሥራቅ በእንግሊዝኛ «ኦሪየንት» የተባለው ከዚያው ሥር ነው። አሁን ወደ ቤታችን ተመለሱ። በአማርኛ የአንድ ነገር ምንጭ ምን ይባላል? «መነሻ»። ከምን መጣ? ከመነሣት። በኦሮምኛስ? «ካኡምሳ»። «ካኡ» ደግሞ መነሣት ነው። ሮማዊው፣ ጎንደሬውና የነቀምቴው ሰው ሳይመካከሩ አንድ ሥዕል ሣሉ፦ የነገር መጀመሪያ ማለት የተኛው የተነሣበት ቦታ ነው። ይህን ሳገኝ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ፈገግ ማለቴን አልደብቃችሁም።

«ፕሪ» እና «ፕራይ» ብለው የሚጀምሩት ደግሞ «ፕሪሙስ» የሚል አባት አላቸው፤ «ፊተኛ» ማለት ነው፤ የወጣውም «ከፊት» ከሚል ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ፈርስት» ራሱ እንዲሁ «ከሁሉ ፊት ያለ» ነው። አማርኛችን ያው «በፊት»፣ «ፊተኛ» ይላል፤ ከፊት፣ ከገጽ። ግዕዙም «ቀደመ» ብሎ «ቀዳሚ» ይላል፤ ቅዳሜን ቅዳሜ ያሰኘው ይኸው ነው፤ ከሁለቱ ሰንበቶች ቀዳሚቱ ናትና። ኦሮምኛ «ዱራ» ይላል፤ ከፊት የቆመውም ዱራ ነው፣ አስቀድሞ የሆነውም ዱራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ፤ ለቡና ሰዓት ይሁናችሁ። ያለፈው ነገር «በፊት» ከሆነ፣ የሚመጣው ለምን «ወደፊት» ተባለ? ያለፈውም የሚመጣውም ከፊታችን ሊሆን ነው? ኦሮምኛም እንደዚሁ ነው፤ ያለፈውን በ«ዱራ» ይጠራና የሚመጣውን «ፉልዱራ» ይለዋል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ጉዳዩ የሚያየው ዐይን ነው። ያለፈውን ስንናገር ዘመናትን እንደ ሰልፍ እናያቸዋለን፤ ከፊት የተሰለፈው ቀድሞ ያልፋል። የሚመጣውን ስንናገር ግን መንገደኞች እኛ ነን፤ ከፊታችን ያለው ገና አልተደረሰበትም። አንዱ ቃል ሁለቱንም ተሸክሞ መኖሩ አያስገርምም?

ቡና ካነሣሁ አይቀር፣ የመጀመሪያውን ስኒ «አቦል» የምንለው ዓረብኛው «አወል» ነው፤ «አንደኛ» ማለት ነው። ሦስተኛው «በረካ» በረከት ነው። እናቶቻችን በየቀኑ ረከቦት ላይ ዓረብኛ ያስተናግዳሉ፤ ማንም ግን «ከባዕድ የመጣ ቃል ነውና ቡናው ኦሪጅናል አይደለም» አይልም።

ከሁሉ የወደድኩት ፕራይሞርዲያልን ነው። ሳይንሱ ሕይወት ገና ሳይኖር ስለነበረው ዘመን ሲያወራ ይጠቀምበታል፤ ትልቅና ደረቅ ቃል ይመስላል። ውስጡ ያለው የላቲን ግሥ ግን የሸማኔ ነው፤ ድር መዘርጋት፣ ሽመና መጀመር ማለት ነበር። የጊዜ ሁሉ መጀመሪያ በሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት። እኛም የራሳችን አለን። ሰፌድ ወይም ሞሰብ የምትሰፋ እናት የመጀመሪያዋን ክብ ጠምዝዛ ስትይዝ «ጀመርኩ» ብቻ አትልም፤ «ወጠንኩ» ትላለች። ያላለቀው ስፌት «ውጥን» ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ «ውጥን» ስንል ዕቅድ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ግን አክርማና ስንደዶ ይሸታል። ፕራይሞርዲያልን በአማርኛ ተርጉም ብትሉኝ «ከውጥኑ» እል ነበር።

ፕራይሚቫል «የመጀመሪያው ዘመን» ከማለት ብዙም አያልፍም፤ ስለ ጥቅጥቅ ደን ሲወራ ነው የሚሰማው። ፕሪስቲን ግን መንገዱን ስቷል፤ ወይም አዲስ መንገድ አግኝቷል። መጀመሪያ «የቀድሞው፣ የዱሮው» ብቻ ነበር። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲሰማው «ንጹሕ፣ ያልተነካ» ማለት ይመስለዋል። የዱሮው ነገር ሁሉ ያልተበላሸ ነበር ብሎ የሚያስብ ልብ ቃሉን ቀስ በቀስ ወደዚያ ሳበው። የእኛም «ዱሮ ቀረ» ውስጥ ያ ልብ አለ።

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንምጣ። ፕሪሚቲቭ ከፕሪስቲን ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። በተሐድሶ ዘመንና ከዚያም በኋላ «ፕሪሚቲቭ ቸርች» ሲባል ክብር ነበር፤ ለምንጩ የቀረበችው፣ ሌሎች ሁሉ የሚለኩባት ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሂው ቦርንና ዊልያም ክላውዝ የሚባሉ ሰዎች ሜዳ ላይ ትልልቅ የጸሎት ጉባኤ ስላደረጉ ከሜቶዲስቶች ማኅበር ተባረሩ። የመሠረቱት ማኅበር ከ1812 ጀምሮ የተጠራው «ፕሪሚቲቭ ሜቶዲስት» ተብሎ ነው። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪውና የእርሻ ሠራተኛው የሚሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ እስከ 1932 ድረስም በዚሁ ስም ቆየ። እነዚህ ሰዎች በስማቸው «ኋላ ቀሮች ነን» ማለታቸው አልነበረም፤ «ወደ መጀመሪያው ፍቅር ተመልሰናል» ማለታቸው ነበር።

ቃሉ የተበላሸው እዚያው እንግሊዝ አገር ነው። በ1871 ኤድዋርድ ታይለር የተባለው ምሁር «ፕሪሚቲቭ ካልቸር» የሚል ታላቅ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። በዚያን ዘመን ምሁራን የሰውን ልጅ ሁሉ በአንድ መሰላል ላይ ደርድረው ነበር፤ ከላይ አውሮፓ፣ ከታች የቀሩት ሕዝቦች። ታች ያሉት «ፕሪሚቲቭ» ተባሉ። ፊተኛ የነበረው ቃል ኋለኛ ሆነ። ጊዜን የሚናገር ቃል ደረጃን የሚናገር ሆነ። አቦርጂናልም እንዲህ ነው፤ ሮማውያን በላቲዩም ምድር ቀድመው ለኖሩት ሰዎች የሰጡት የታሪክ ስም ነበር፤ በኋላ ሌላውን አገር የያዙ ሰዎች የአገሩን ባለቤት የሚጠሩበት ሆነ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ተጠሪዎች በዚያ ስም መጠራት አይወዱም።

እኛ ደግሞ ከዚህ ንጹሕ ነን አንበል። «ጥንታዊ» እና «ኋላ ቀር» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን፤ የምናድላቸው እንደ ወደድነው ነው። የድንጋይ ሐውልት ሲሆን ጥንታዊ፤ የገበሬው ሞፈር ሲሆን ኋላ ቀር። በብራና የተጻፈ ሲሆን ጥንታዊ፤ በአያት አፍ ያለ ሲሆን ኋላ ቀር። ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪ፣ ስሙም ትምህርት ቤቱም ይቅርና፣ እቤት የምንናገረውን ቋንቋ «ፕሪሚቲቭ ነው፤ ለዕውቀት ቃል የለውም» አለን። ክፍሉ ውስጥ የነበርነው አብዛኞቻችን አንገታችንን ደፋን። ማናችንም «ጌታዬ፣ ፕሪሚቲቭ ማለት ፊተኛ ማለት ነው» ለማለት የሚበቃ ዕውቀት አልነበረንም። ዕውቀቱ ያለው መጽሐፍ ግን እኛው ከተማ ውስጥ ካስተማረው ሰው እጅ የወጣ ነበር።

የታይለር መጽሐፍ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1870፣ ምጽዋ ላይ አንድ ወጣት ከባርነት ነፃ ወጣ። ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ነው ባሕር ዳርቻ የደረሰው። የታይለር መጽሐፍ በታተመ በዓመቱ፣ በ1872 የትንሣኤ ዕለት፣ ተጠመቀ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተባለ። የስዊድን ሚስዮናውያን አስተማሩት፤ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት አንዴ በካርቱም በኩል፣ አንዴ በሸዋ በኩል ሞከረና አልሆነለትም። መንገዱ ሲዘጋበት ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላይ ተቀምጦ መተርጎም ጀመረ።

እርሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአገሩ የራቀ ሰው ነው። ቋንቋው ውስጥ ያለው ሀብት ሁሉ በአፉ አልነበረም። ያን ያመጣችለት አስቴር ገኖ ናት፤ እርሷም ከባርነት ነፃ የወጣች፣ እምኩሉ ላይ የተማረች ልጅ ናት። የቃላት ክምችት አዘጋጀች፤ ከትዝታዋም ወደ 500 የሚጠጉ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ጻፈች። እስቲ አስቡት፤ አስተማሪዬ «ቃል የለውም» ያለው ቋንቋ ከአንዲት ወጣት ራስ ውስጥ ብቻ ይህን ያህል ወጣ። አንገቴን በደፋሁበት ቀን ይህን ብነግረው እንዴት ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ ክምችት ከፊሉ በ1894 እምኩሉ ላይ ታተመ። የመጽሐፉ ስም ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ፦ «ጀልቀባ ባርሲሳ»። የትምህርት መጀመሪያ እንደማለት ነው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ ማንበቢያ ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ «ፕራይመር» ይሉታል፤ ያው ከ«ፕሪሙስ» የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን ፕራይመር ምእመናን የሚይዙት የጸሎት መጽሐፍ ስም ነበር፤ ልጆች ንባብ የሚለምዱት በእርሱ ስለሆነ የማንበቢያ መጽሐፍ ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። ጸሎትና ንባብ በአንድ ስም ተጠሩ ማለት ነው። በእኛም አገር በዳዊት ንባብ የለመደ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም።

«ጀልቀባ» የሚለው ቃል ራሱ ደስ ይላል። ለጆሮዬ «ጀላ» እና «ቀቡ» ይሰማኛል፤ «ከሥር መያዝ»። ከባድ ነገር የምታነሡት እንዴት ነው? ከሥሩ ይዛችሁ አይደለም? ላቲን መጀመሪያን ከፊት አየው፣ ሸማኔው ከድር አየው፤ ኦሮምኛው እጁን ሸክሙ ሥር አስገባ።

ሐዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «መጫፈ ቁልቁሉ» ተብሎ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በቅድስት ክሪሾና ታተመ። እዚህ ላይ በጉባኤ ሁሉ የሚነገር አንድ ነገር እናስተካክል። «ወደ ኦሮምኛ መጀመሪያ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነው» እንላለን። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ግን በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሸዋ ላይ ሳለ የወንጌል ክፍሎችን ወደ ኦሮምኛ መልሷል። ካርል ቱትሼክም ሙኒክ ላይ፣ ከባርነት ወጥተው ጀርመን በደረሱ ኦሮሞዎች ረዳትነት መዝገበ ቃላት ሠርቶ በ1844 ታትሟል። እንግዲህ ኦኔሲሞስና አስቴር «ቀዳሚ» አይደሉም። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል በሥሩ ከተወሰደ ግን እነርሱ ናቸው፤ ሥራው ከባለቤቱ አፍና እጅ የተነሣው በእነርሱ ነውና። በቀን መቁጠሪያ የቀደመና መነሻ የሆነ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን መለየት ክራፕፍንም አያሳንስም፣ ኦኔሲሞስንም ያለ እውነት አያገዝፍም።

የወለጋ ሰዎች ደግሞ ሌላ የ«መጀመሪያ» ክርክር አለን፤ ሠርግና ለቅሶ ላይ ሳይቀር ይነሣል። ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ወለጋ ውስጥ የተጀመረችው ቦጂ ነው ወይስ ነቀምቴ? ቀሲስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከኤርትራ ደጋ፣ ከእርሱም ጋር ራሱ ከባርነት የወጣው ዳንኤል፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ቦጂ ደርሰው አስተምረዋል። ኦኔሲሞስ ከአስቴር ገኖና ከፌበን ሂርጴ ጋር ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፤ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክብር ተቀበሉት። ቦጂዎች ፊተኞች ናቸው፤ በዚህ ላይ እኛ የነቀምቴ ልጆች ብንሸነፍ ይሻላል። ነገር ግን ቦጂ ላይ ያስተማሩትም ቢሆኑ ወለጋ ሲደርሱ የኦሮምኛ መጽሐፍ ታትሞ ነበር። በእግር የቀደመው ማን ነው፣ በቃል የቀደመውስ? ድሩን የዘረጋው እምኩሉ ላይ ነበር፤ ጥበቡ የተሸመነው ቦጂና ነቀምቴ ላይ ነው።

ነቀምቴ ላይም ሁሉ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1906 ተከሶ አዲስ አበባ ቀረበ። አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ እንዳይሰብክ ግን ተከለከለ። በ1916 በልጅ ኢያሱ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ በእነዚያ ዓመታት ምን ቀረው? ልጆችን ማስተማር ቀረው፤ ጀልቀባ ቀረው። ሰባኪው ወደ ፊደል ቆጣሪዎች ዝቅ አለ፤ ከዚያም አካባቢ ማንበብ የቻለ ትውልድ ወጣ።

ስለ አንድ ቃል ሳልናገር ባልፍ በጥናታችን ክፍል ያላችሁት ትወቅሱኛላችሁ፦ በኩር። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስን በኩር ይለዋል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት አርዮስና ተከታዮቹ «በኩር ከሆነ የመጀመሪያው ፍጡር ነው» አሉ፤ በ325 የኒቂያ ጉባኤ ትምህርታቸውን አልተቀበለም። ዛሬም በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው ይህን ሊጠይቃችሁ ይችላል። የኦሮሞ ቤት ልጅ የሆነ ግን መልሱን ከቤቱ ይዞ መጥቷል። በኩር በኦሮምኛ «ሀንገፋ» ነው። ሀንገፋ ስትሉ ቀድሞ የተወለደውን ብቻ ነው የምታስቡት? ጉባኤ ላይ ቀድሞ የሚናገረውን፣ የሚመርቀውን፣ የቤቱን ስም የሚይዘውን ጭምር እንጂ። ሀንገፋ ማዕረግ ነው። ዕብራይስጡም እንዲህ ነበረ፤ ዔሳው ቀድሞ ተወልዶ ብኩርናውን በምስር ወጥ ሊሸጠው የቻለው ብኩርና የልደት ቁጥር ብቻ ስላልሆነ ነው። የልደት ቁጥር አይሸጥም። ግሪኩም «አርኬ» ሲል መጀመሪያንም አለቅነትንም በአንድ ቃል ነው የሚይዘው። ፊተኛነት ጊዜም ክብርም ነው፤ ፕሪሚቲቭ የሚለው ቃል ያጣው ይህንን ነው።

ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ «ፕሪሚቲቭ ቸርች» ማለት «ፊተኛዪቱ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። መዝገበ ቃላትሽ የቃሉን የመጨረሻ ትርጉም እንጂ የመጀመሪያውን አልሰጠሽም።

ኦኔሲሞስ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። «ሂኩ» መፍታት ነው፤ የታሰረ መፍታትም፣ ቃልን መተርጎምም ነው። አማርኛም «ፈታ» ብሎ ለገመድም፣ ለእስረኛም፣ ለሕልምም ይለዋል፤ የቃል ትርጉም «ፍቺ» የሚባለው ለዚህ ነው። ታስሮ የተሸጠው ልጅ ስሙ «ፈቺ» ነበር፤ ተፈታ፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታ ኖሮ በ1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፈ።

ከዚህ በኋላ ሥራው የእናንተ ነው። ላም እንደወለደች የምትታለበው የመጀመሪያ ወተት በአማርኛ «እንገር» ይባላል፤ ለዚያች ለመጀመሪያዋ ወተት ብቻ የተሰጠ ስም ነው። ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ ደምቢ ዶሎ፣ አርጆ፣ ሻምቡ ያላችሁ፦ እናንተ ቤት እርሷ ምን ትባላለች? የመጀመሪያው ዝናብስ? የመጀመሪያው የበቆሎ እሸትስ? የሙሽራ ቤት የመጀመሪያው ቡናስ? አያቶቻችሁን ጠይቁና ቃሉን ከነመንደሩ ስም ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልን። በሚቀጥለው እትም ቦታ ተይዞላችኋል።